የኤርፖድን ድምፅ ማስተካከል፦ ከስልኩ ጀምሮ እስከ ጆሮ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ጠዋት ሰው ወደ መገናኛ የሚሄደውን ታክሲ ለመያዝ ሲሮጥ በሬ ላይ ቆም ይልና ትንሽ ኬዝ እጄ ላይ አስቀምጦ «ድምፁ አልሰማ አለኝ፣ ማታ ስመለስ እወስደዋለሁ» ብሎኝ ይሄዳል። ከሚመጡልኝ ውስጥ ብዙዎቹ ምንም አልተበላሹም። የአንዱ የስልኩ ድምፅ ዝቅ ብሎ ነው፣ የአንዱ መረቡ በጆሮ ኩክ ተደፍኖ ነው፣ የሌላው ጎማ ከጆሮው ጋር አልገጥም ብሎ ነው። ለዚህ ማንም ገንዘብ መክፈል የለበትም። ማታ ማታ ቆሜ በቃል የማስረዳውን በጽሑፍ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ኤርፖድ የአፕል ዕቃ ስም ቢሆንም እዚህ ሰፈር ገመድ የሌለውን ኢርፎን ሁሉ ኤርፖድ ነው የምንለው፤ እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ። የአፕልን ለይቼ ስናገር «የአፕሉ» እላለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ድምፁ የሚስተካከለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሮቶው ሥር አንድ መዝጊያ አለ፣ ኩሽና ውስጥ ደግሞ ቧንቧ አለ። የሮቶው መዝጊያ በግማሽ ከተዘጋ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ብትከፍቱትም ውሃው ቀጥኖ ነው የሚወርደው። ስልኩ የራሱ የድምፅ መጠን አለው፣ ኤርፖዱም የራሱ አለው። አንዳንዴ ሁለቱ ተሳስረው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። አንዳንዴ ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው ይሄዳል። የትኛው እንደተዘጋ ሳታውቁ አንዱን ብቻ ማጮህ ጆሮን መጉዳት ነው እንጂ መፍትሔ አይሆንም።

1. ዝግጅት

ታክሲ ውስጥ ወይም መንገድ ዳር ሆናችሁ አትሞክሩት። ቤት ግቡና በር ዝጉ። ሁለቱም ኤርፖዶች ቻርጅ ይኑራቸው። ከዚያ በሙዚቃ ፋንታ ሰው የሚናገርበትን ነገር ክፈቱ፤ ዜናም ይሁን ስብከት፣ የሬዲዮ ውይይትም ይሁን። ሙዚቃ ያታልላል፣ ከበሮው ብቻ ጎልቶ «ይሰማል» ያሰኛል። ንግግር ግን ቃሉ ወይ ተሰምቷል ወይ አልተሰማም።

ጆሯችሁ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የስልኩን ድምፅ ወደ ሲሶ ገደማ አውርዱት። ይህችን አደራ እላለሁ። ከታች ከምነግራችሁ ማስተካከያዎች አንዳንዶቹ ድምፁን ሳይታሰብ በአንዴ ጣሪያ ሊያደርሱት ይችላሉ።

2. ስልኩ ላይ

ንግግሩ እየሄደ እያለ በስልኩ ጎን ያለውን የድምፅ ቁልፍ ተጫኑ። «እየሄደ እያለ» ያልኩት በምክንያት ነው። አንድሮይድ የደወሉን፣ የሙዚቃና የቪዲዮውን፣ የስልክ ጥሪውንና የማንቂያውን ድምፅ ለየብቻ ይይዛል። ምንም ሳትከፍቱ ቁልፉን ብትጫኑ አንዳንድ ስልክ ላይ የሚጨምረው ደወሉ ነው፤ ሰውየው ግን ኤርፖዱን የጨመረ ይመስለዋል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መስመር የሙዚቃ ምልክት ያለበት ወይም ሚዲያ የሚል መሆኑን እዩ።

ሌላም አለ። አንድሮይድ ለእያንዳንዱ የብሉቱዝ ዕቃ የመጨረሻውን ድምፅ ለብቻው ያስታውሳል። ትናንት በስፒከር ከፍ አድርጋችሁ መስማታችሁ ዛሬ ኤርፖዱ ላይ አይመጣም። ኤርፖዱ ባለፈው ዝቅ ተደርጎ ከተተወ ዛሬም የሚነሳው ከዚያው ነው።

«ሙዚቃው ጥሩ ይሰማል፣ ሰው ሲደውልልኝ ግን ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወራ ይመስለኛል» የሚል ደንበኛ በሳምንት አይጠፋም። ዕቃው ጤነኛ ነው። ሙዚቃና የስልክ ጥሪ በብሉቱዝ ውስጥ የሚጓዙት በሁለት የተለያየ መንገድ ነው፣ የድምፅ መጠናቸውም የተለያየ ነው። የጥሪው ድምፅ በቀላሉ የሚጨመረው ጥሪ ላይ እያላችሁ ነው። ለአንድ ሰው ደውሉ፣ እየተነጋገራችሁ የጎኑን ቁልፍ ተጫኑ፣ አለቀ። በጥሪ ጊዜ ድምፁ መቅጠኑ ግን አይስተካከልም። መንገዱ በአንድ ጊዜ የእናንተንም የደዋዩንም ድምፅ ስለሚሸከም ከሙዚቃው ጠበብ ይላል።

ሙዚቃው ጭራሽ በስልኩ ስፒከር ከወጣ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ብሉቱዝን ክፈቱ፣ ከኤርፖዱ ስም አጠገብ ያለችውን ምልክት ንኩ፣ ሚዲያ ኦዲዮ የሚለው መብራቱን እዩ።

3. ኤርፖዱ ላይ

እዚህ ላይ እንደ ዕቃው ይለያያል፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

የአፕሉን የያዘ ሰው በቅድሚያ የትኛው እንደሆነ ይወቅ። በ2022 እንደ አውሮፓውያን ከወጣው ከሁለተኛው ትውልድ ኤርፖድስ ፕሮ ጀምሮ ፕሮ የሚባሉት እግራቸው ላይ፣ ማለትም ከጆሮ ወደ ታች በሚወርደው ዘንግ ላይ፣ ጣት በማንሸራተት ድምፅ ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ። አውራ ጣታችሁን በእግሩ በአንዱ ጎን ደግፉት፣ በሌባ ጣታችሁ በሌላው ጎን ወደ ላይ ስታንሸራትቱ ይጨምራል፣ ወደ ታች ስታንሸራትቱ ይቀንሳል። በአውራ ጣት ካልተደገፈ ኤርፖዱ ጆሮ ውስጥ ይወዛወዛል፣ ጣታችሁንም በደንብ አያነበውም። ፕሮ ያልሆኑት ግን ይህ የላቸውም። በእነዚያ ወይ በስልኩ ቁልፍ ነው፣ ወይ በንግግር ለሚታዘዘው የአይፎን ረዳት ለሲሪ በእንግሊዝኛ መንገር ነው። ፕሮ ያልሆነውን ገዝተው እግሩን ሲያሹ የሚውሉ ልጆች አይቻለሁ፤ የሌለ ነገር ነው የሚፈልጉት።

የሳምሰንግ ጋላክሲ በድስ ከሆነ ጋላክሲ ዌረብል የሚባለውን አፕ ጫኑ። ብዙዎቹ ላይ ነክቶ ማቆየት ለሚለው ትእዛዝ ድምፅን መምረጥ ይቻላል። ያን ስትመርጡ ግራው ይቀንሳል፣ ቀኙ ይጨምራል። በድስ 3 እና በድስ 3 ፕሮ እግር ስላላቸው እዚያ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተት ነው።

አብዛኛው ሰው እጅ ያለው ግን እነዚህ አይደሉም። ከመርካቶ ወይም ከመገናኛ የተገዛ፣ ወረቀቱ የጠፋ ወይም በቻይንኛ የተጻፈ ዕቃ ነው። ለዚህ የምጠቀምበት ዘዴ ስምንት ሙከራ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ንግግሩን በዝቅተኛ ድምፅ ክፈቱ። በቀኙ ጀምሩ፦ አንድ ጊዜ ንኩት፣ ቆዩና ሁለት ጊዜ አከታትላችሁ ንኩት፣ ቆዩና ሦስት ጊዜ፣ በመጨረሻ ጣታችሁን ለሁለት ሰከንድ ያህል አቆዩበት። ግራውንም እንዲሁ። በእያንዳንዱ መካከል ትንሽ ዕረፍት ስጡት፣ ካልሆነ አንዱን ከሌላው ጋር ደምሮ ያነበዋል። ምን እንዳደረገ ጻፉ፦ አቆመ፣ ወደሚቀጥለው አለፈ፣ ጨመረ፣ ቀነሰ፣ ምንም አላለም። ጣታችሁን ከዚያ በላይ አታቆዩ፣ አንዳንዱ ላይ ረጅም መጫን ኤርፖዱን ያጠፋዋል። ጥሪ ሲመጣ ደግሞ ማቆየት በብዙዎቹ ላይ ስልኩን መዝጋት ነው፣ ስለዚህ ሙከራውን ጥሪ በማይጠበቅበት ሰዓት አድርጉት።

ከስምንቱ አንዱም ድምፅ ካልነካ ዕቃው ላይ የድምፅ ማስተካከያ የለም ማለት ነው። አትናደዱበት፣ በስልኩ ተጠቀሙ። ገና ልትገዙ ከሆነ ግን ሻጩን «ድምፅ መጨመሪያ ራሱ ላይ አለው ወይ? እስቲ አሳየኝ» በሉት፣ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት። ፕሮ አስመስለው የተሠሩት ከአይፎን ጋር ሲገናኙ ስክሪኑ ላይ የአፕሉን ሥዕል ሁሉ ሊያወጡ ይችላሉ፤ እግራቸው ላይ ማንሸራተት ግን ላይሠራ ይችላል።

ክረምት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በንክኪ የሚሠራ ኤርፖድ የውሃ ጠብታንም እንደ ጣት ሊቆጥር ይችላል። ዝናብ መትቷችሁ ድምፁ በራሱ ከፍና ዝቅ ካለ፣ ዘፈኑም በራሱ ከዘለለ፣ ኤርፖዱንም ፀጉራችሁንም አድርቁና እንደገና እዩት።

4. ሁለቱም እስከ መጨረሻው ተጨምሮ አሁንም ዝቅ ካለ

ይህ የአንድሮይድ ጉዳይ ነው። ከአንድሮይድ 6 ወዲህ ስልኩና ኤርፖዱ ድምፃቸውን አስተሳስረው በአንድ መስመር እንዲሄዱ ተደርጓል። ዕቃው በደንብ የተሠራ ከሆነ መልካም ነገር ነው። ርካሽ የሆኑት ግን ከስልኩ የሚመጣውን ቁጥር አሳስተው ያነቡታል። ስልኩ መቶ በመቶ ይላል፣ ኤርፖዱ ግማሽ ላይ ቆሟል። ተቃራኒውም ይመጣል፤ የመጀመሪያዋ ደረጃ ላይ እንኳ የሚጮኽ፣ ከዚያ ዝቅ ሲሉት ጭራሽ የሚጠፋ። ሁለቱም የሚፈቱት ማሰሪያውን በመፍታት ነው።

ኤርፖዱን ከጆሮ አውጡ። ሴቲንግ ውስጥ አባውት ፎን የሚለውን ክፈቱ፣ ቢልድ ነምበር የሚለውን ፈልጉና 7 ጊዜ አከታትላችሁ ንኩት። ሳምሰንግ ላይ ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን ውስጥ ነው የምታገኙት፣ ሬድሚ ላይ የሚነካው የሚዩአይ ቨርዥን ነው፣ በአዲሶቹ ላይ ደግሞ ኦኤስ ቨርዥን። ስልኩ ዴቨሎፐር ሆነዋል የሚል መልእክት ያሳያል። ይህ ስልኩን አያበላሽም፣ የተደበቀ ማውጫ መክፈት ብቻ ነው። ወደ ሴቲንግ ተመልሳችሁ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስን ክፈቱ፣ ወደ ብሉቱዙ ክፍል ውረዱና ዲስኤብል አብሶሉት ቮልዩም የሚለውን አብሩት። ሌላ ምንም አትንኩ። ብሉቱዙን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ካልተለወጠ ስልኩን ሪስታርት አድርጉት።

አሁን ሮቶውና ቧንቧው ተለያይተዋል። የስልኩን ድምፅ በጣም ዝቅ አድርጉ፣ ኤርፖዱን ከጆሮ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በእጅ እንደተያዘ ንግግሩ ጥርት ብሎ ከተሰማ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ከልክ ያለፈ ነው፤ ዝቅ አድርጋችሁ ክተቱት። ድምፅ መጨመሪያው ኤርፖዱ ላይ ካለ እሱን መሐል ላይ አቁሙትና ዕለት ዕለት በስልኩ ተጠቀሙ።

5. አንዱ ጎን ብቻ ሲደክም

መጀመሪያ ኤርፖዱን የሌላ ሰው ስልክ ላይ ሞክሩ። እዚያም አንዱ ከደከመ ችግሩ ኤርፖዱ ነው፣ እዚያ ከተስተካከለ ችግሩ የእናንተ ስልክ ነው። ይህች ሙከራ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም፣ ግን ግማሹን ጥርጣሬ ታጠፋለች።

ስልኩ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲን ክፈቱ። የድምፅ ወይም የመስማት ክፍል ውስጥ ግራና ቀኝ የሚል ተንሸራታች መስመር አለ፣ አይፎንም አንድሮይድም ላይ። መሐል ላይ መሆን አለበት። ሕፃን ስልክ ሲነካካ አንድ ጎን ላይ ጥሎት ይሄዳል።

ኤርፖዱ ከሆነ ዘጠኙ ከአሥሩ ቆሻሻ ነው። በጋ ላይ እኛ ሰፈር አቧራው ምን እንደሚመስል የሚኖርበት ያውቀዋል፤ ግንባታው አላለቀም፣ አስፋልት ያልነካው የውስጥ መንገድ ብዙ ነው። አቧራው ከጆሮ ኩክ ጋር ይቦካና መረቡ ላይ እንደ ሊጥ ይደርቃል። ጎማውን አውልቃችሁ በውሃና በሳሙና እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ኤርፖዱን ራሱን ውሃ አታስነኩት። መረቡን ወደ መሬት አዙራችሁ ያዙ፣ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በቀስታ ጥረጉት፣ የሚወጣው ወደ ታች ይርገፍ። በመርፌ ወይም በስቴኪኒ አትጎርጉሩ። በመርፌ ተበስቶ መረቡ ወደ ውስጥ የገባ ኤርፖድ መጥቶልኝ ማዳን ያልቻልኩባቸው ቀናት ያሳዝኑኛል፣ በሁለት ደቂቃ ብሩሽ የሚድን ነበርና። በአፍ እፍ ማለትም ትንፋሹ እርጥበት ስላለው ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ኬዙ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ወርቃማ ነጥቦችም በደረቅ ጥጥ ጥረጉ፤ እነሱ ከቆሸሹ አንዱ ኤርፖድ ቻርጅ ሳያደርግ ያድርና ጠዋት ቀድሞ ይጠፋል።

አንድ ጡረታ የወጡ አባት ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ ነገር ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ክራሩ ይሰማኛል፣ ዘፋኙ ግን ይጠፋብኛል» አሉኝ። ኤርፖዱን ፈተሽኩት፣ ጤነኛ ነው። ቆይቼ «አባባ፣ ሁለቱም ጆሮዎ እኩል ይሰማል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀኛቸው ከስንት ዓመት በፊት ደክሟል። አንዳንድ የድሮ ቅጂ ላይ መሣሪያው በአንድ ጎን፣ ድምፁ በሌላው ጎን ይቀመጣል፤ ዘፋኙ የተቀመጠው በደከመው ጆሯቸው በኩል ነበር። አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ሞኖ ኦዲዮ የሚለውን አበራሁላቸው፣ ሁለቱም ጎን አንድ ላይ ተቀላቅሎ በግራውም መጣ። ድምፁን መጨመር አላስፈለገም፣ እንዲያውም ቀነስኩት። በቤታችሁ አንድ ጆሮው የደከመ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይህችን አብሩለት።

6. ጎማው

ድምፅ ከመጨመራችሁ በፊት ጎማውን ቀይሩ። ከሁሉም ምክሬ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ከካርቶኑ ጋር ብዙ ጊዜ ሦስት መጠን ጎማ ይመጣል፣ ሰው ግን መጀመሪያ የተገጠመውን ይዞ ይቀራል። ጎማው ከጆሮ ቀዳዳ ካነሰ የውጭው ጫጫታ ይገባል፣ የውስጡ ወፍራም ድምፅ ይወጣል፣ ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። ያኔ ጣት ወደ ቁልፉ ይሮጣል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ሁለቱን ክተቱና ምንም ሳትከፍቱ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የራሳችሁ ድምፅ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ከተስተጋባ ገጥሟል፣ እንደወትሮው ከተሰማችሁ አልገጠመም። ስትከቱት ወደ ኋላ በትንሹ አዙሩት። የግራና የቀኝ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ስለሚችል በአንዱ መካከለኛ፣ በሌላው ትንሹን መጠቀም ነውር የለውም። ጎማ የሌለውን ዓይነት የያዛችሁ ሰዎች ታክሲ ውስጥ የሞተሩን ድምፅ መከልከያ የላችሁም፤ ለእናንተ የሚቀጥለው ክፍል ይበልጥ ይመለከታችኋል።

7. እስከ ስንት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት የሚለካበት ነው። ከዚያ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10 ሰዓት። 90 ላይ ሲደርስ በሳምንት የሚቀረው 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

ይህን ወደ እኛ ኑሮ አምጡት። ከአባዶ መገናኛ ጠዋት ከሰልፉ ጋር አንድ ሰዓት፣ ማታ ሌላ አንድ ሰዓት። በአምስት ቀን 10 ሰዓት ሞላ። መንገድ ላይ ብቻ በ86 የሚሰማ ሰው ዓርብ ማታ የሳምንቱን ጨርሷል፤ ቅዳሜ ሥራ የሚገባ፣ ቤት ገብቶም የሚሰማ ሰው አልፎታል። ከከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ያለብን መንገዳችን ስለሚረዝም ነው።

ዴሲቤል መለኪያ የለኝም ለሚል ሰው ድርጅቱ የሚመክረው ከከፍተኛው 60 በመቶ እንዳይታለፍ ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ የሙዚቃ ድምፅ 15 ደረጃ አለው። ስለዚህ ድምፁን ባዶ አድርጉና ቁልፉን 9 ጊዜ ተጫኑ፣ እዚያ ላይ ቁሙ። ቤት ውስጥ ጸጥታ እያለ አስተካክላችሁ ውጡ፤ ታክሲው ሲያጓራ አትጨምሩ፣ ማዳመጡን አቁሙና ወደ በኋላ አሳልፉት። ጫጫታ የሚያጠፋ ኤርፖድ ያላችሁ ያን አብሩ፤ እንደ ሞተርና እንደ ባቡር ያለውን ሳይቋረጥ የሚጎተት ድምፅ ጥሩ አድርጎ ይቀንሳል፣ ከአያት በባቡር የምትሄዱም ትጠቀሙበታላችሁ። ካወለቃችሁ በኋላ ጆሯችሁ ጭው ካለ ያን ቀን አሳርፉት። በማግሥቱም ካልተወ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሂዱ።

8. መንገድ ላይ

አስፋልት ስትሻገሩና ኮብልስቶኑ ላይ ስትሄዱ አንዱን አውጡ። ባጃጅ ከኋላ ሲመጣ ከክላክሱ ሌላ የሚያስጠነቅቃችሁ የለም። አንዱን ብቻ ስትጠቀሙ ሞኖ ኦዲዮውን አብሩ፣ ግማሹ ድምፅ እንዳይቀርባችሁና በዚያ ሰበብ እንዳትጨምሩ። የአፕሉ ፕሮ ትራንስፓረንሲ፣ የሳምሰንጉ አምቢየንት ሳውንድ የሚባል የውጭ ድምፅ ማስገቢያ አላቸው፤ ረዳቱ «ሒሳብ» ሲል ለመስማት ጥሩ ነው፣ ለመንገድ መሻገሪያ ግን እኔ ባዶ ጆሮን ነው የማምነው።

9. ለልጅ ከሰጣችሁት

ለሕፃናት ልኩ ዝቅ ይላል፣ 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ሳውንድስ ኤንድ ሃፕቲክስ፣ ሄድፎን ሴፍቲ ግቡና ከፍተኛ ድምፅ የሚቀንሰውን አብሩ፤ መስመሩ የሚጀምረው ከ75 ነውና እዚያ አቁሙት። ሳምሰንግ ላይ የድምፅ ማውጫው ውስጥ ቮልዩምን ከፍታችሁ ላይኛው ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩ፣ ሚዲያ ቮልዩም ሊሚት የሚለውን አብሩ፣ ፒን ስጡት። በነገራችን ላይ ስልካችሁ ድምፁ ከአንድ ቦታ አላልፍ ካላችሁ ይህ በርቶ እንደሆነም እዩ፤ ስልኩን ቀድሞ የያዘው ሰው ትቶት ሊሆን ይችላል። ፒኑ ደግሞ ልጁ ከሚያውቀው የስልኩ መክፈቻ የተለየ ይሁን።